ብርቄን ሦስት ጊዜ የጠራት ድምፅ

«ዝጋው አልኩህ እኮ! ስንቴ ልንገርህ?» አሉ እትዬ ንጋቷ፣ እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ ጣል አድርገው። «የልጅ ሌባ ወሬ ልጅ ፊት ይነበባል? ደሞ ድምፅ እየቀያየርክ!»

«ወሬ አይደለም እትዬ፣ ልብ ወለድ ነው» አልኩ፣ መጽሐፉን እንደገለጥኩ።

«ልብ የወለደውን ልብህ ያሳድገው! እኔ የምጠብቀው ሆድ የወለደውን ነው።»

«ኧረ ይተዉት እትዬ» አለ ድሬሰር ሰይድ፣ የበሩን መቃን ተደግፎ። «ልጆቹ ምድር ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ አሁን ከተዘጋ እኔ እንቅልፍ የለኝም።»

«አንተማ መርፌህን ራስህን ወግተህ ተኛ!»

የቤቱ ባለቤት የሺ ምስር ከምትለቅምበት ሰፌድ ቀና ብላ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። «እስቲ ያቺን የእናትየዋን ድምፅ ድገማት፣ ባለቅኔው» አለችኝ። ደገምኳት። ሌባው ከአጥር ጀርባ ቆሞ፣ የልጅቱን እናት መስሎ የሚጣራበትን ቦታ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ መጨረሻውን እንደ እናት ጎተት አድርጌ። የየሺ የሰባት ዓመት ልጅ ብርቄ እጆቿን ጉልበቷ መካከል ሸጉጣ፣ ዓይኗን ከአፌ ሳትነቅል፣ ከንፈሯን ከእኔ ጋር ታንቀሳቅስ ነበር።

እንግዲህ ወዳጄ፣ የምነግርህ ነገር የተከተለው ከዚያ ማታ በኋላ ነው፣ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልበልህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከማያምኑት አንዱ ነበርኩ። ቢቸና ተወልጄ፣ ቅኔ ቤት ገብቼ፣ ቅኔ መዝረፉ ሳይሆንልኝ ወጥቼ፣ አማርኛ ግጥም ራሴን በራሴ እያስተማርኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ በወንዝ ዳር ሲያልፉ ስለሚጣራ፣ በመቃብር ቤት ስለሚያስል፣ ስንት ተረት ሰምቼ ስቄ ያለፍኩ ነኝ። እንዲያውም ጓደኞቼ ሲፈሩ እኔ ሆን ብዬ በዚያው መንገድ እሄድ ነበር፣ እመነኝ፣ ሳፏጭ መልሶ ያፏጨልኝ ፍጡር አልነበረም። ይህን የምልህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ እኔም ራሴን እስካሁን አላመንኩትም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የምነግርህ።

ያኔ ሞጣ፣ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ጻፊ ነበርኩ። የምኖረው የየሺ ግቢ ውስጥ ካሉት ሁለት የኪራይ ክፍሎች በአንዱ ነው፣ በሌላው ከወሎ ተመድቦ የመጣው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሰይድ ይኖራል። የሺ የቢቸና ልጅ ናት፣ እኔን ያስጠጋችኝም በአገር ልጅነት ነው። ባሏ ወታደር ሆኖ ሩቅ አገር ነበር፣ አብረዋት የሚኖሩት የባሏ አክስት እትዬ ንጋቷና ያቺ አንድ ልጇ ብርቄ ብቻ ናቸው።

መጽሐፉን ያመጣው ከአዲስ አበባ የመጣ የጭነት መኪና ረዳት ነው፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ በፊት። ስሙን ከእኔ አትጠይቅ፣ ሽፋኑም የመጀመሪያው ገጽም ተገንጥሏል፣ ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ባውቅ ኖሮ እግሩ ሥር ወድቄ አመሰግነው ነበር። ታሪኩ በአንድ ከተማ ውስጥ ልጆች ስለሚሰርቅ ሰውዬ ነው። ሰውዬው ቀን ቀን ገበያ መሐል ተቀምጦ መርፌና ክር ይሸጣል፣ እየሸጠ ግን ጆሮው ሥራ ላይ ነው፣ እናቶች ልጆቻቸውን ሲጠሩ ይሰማል፣ ስማቸውን ይይዛል፣ ድምፃቸውንም ይለማመዳል። ሲመሽ ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ በእናትየዋ ድምፅ ይጣራል፣ ልጅቷ «አቤት እማዬ» ብላ ትወጣለች፣ አለቀ። ሦስት ልጆች እንዲህ ወስዶ ምድር ቤት ቆልፎባቸዋል። አራተኛዋ ግን፣ ከሁሉም ትንሿ፣ የገዛ እናቷ ድምፅ ከአጥር ወዲያ ሲጠራት ዝም ትላለች። ዝም ማለቷ ነው ያዳናት። ያን ምዕራፍ ሳነብ ሰይድ እንኳ ትንፋሹን ይዞ ነበር፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ አንድ ልጅ ዝም ስትል ቤቱ ሁሉ እንዴት እንደሚጮህ የሚያውቅ ጸሐፊ ነው የጻፈው።

እትዬ ንጋቷ ቢቆጡም ከዚያች ትንሽ ልጅ ጋር ተስማምተው ነበር። «ይቺስ አስተዋይ ናት» አሉ። ከዚያ ወደ ብርቄ ዞረው የአገሩን ሕግ ነገሯት፣ አንተም ልጅ ሳለህ ሳይነገርህ አይቀርም። «ሲመሽ ሰው ሲጠራሽ በአንደኛው አቤት አትበዪ፣ በሁለተኛውም አትበዪ። ሰይጣን ሁለቴ ይጣራል፣ ሥላሴን ስለሚፈራ ግን ሦስተኛውን አይደግምም። አቤት የሚባለው በሦስተኛው ነው፣ ያውም ድምፁ ያው አንዱ ከሆነ።»

ብርቄ በጣቶቿ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች። እኔና ሰይድ ተያይተን ሳቅን።

ነሐሴ እንደገባ ከቢቸና መርዶ መጣ፣ የየሺ ታላቅ ወንድም ሞቶ ነበር። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ መጥተው ነገሯት፣ ጩኸቷን አሁንም እሰማዋለሁ። መኪና አይሄድም፣ ወንዞቹ ሞልተዋል፣ ከዘመዶቿ ጋር በበቅሎ ልትሄድ ስትነሳ ልጅቱን ይዞ መሻገር አይሆንም ተባለ። እትዬ ንጋቷ ደግሞ ያን ሰሞን ንዳድ ይዟቸው ከአልጋ አይነሱም። የሺ በቅሎዋ ላይ ሆና ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ብርቄን አደራ» አለችኝ። «ፍልሰታን ትጾማለች፣ ከቅዳሴ ስትወጣ አንተ አምጣት። ለሰይድ አልሰጥም፣ እሱ በሽተኛ ይጠራዋል። አደራ ያልኩት አንተን ነው።»

«በእኔ ይሁን፣ እትዬ የሺ» አልኩ። ይሄን ቃል በል እንግዲህ መዝንልኝ።

ለአምስት ቀን በደንብ አመጣኋት። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሕፃናቱ ቆርበው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ በሩ ላይ እጠብቃታለሁ፣ እጄን ትይዛለች፣ አፏን እስክትፈታ ድረስ አታወራም። በስድስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ፍርድ ቤቱም ተዘግቶ ስለነበር ከጧት ጀምሬ መጽሐፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ለሌሎቹ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ነው የማነብላቸው፣ እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ብቻዬን ቀድሜ መጨረስ ፈልጌ ነበር። ሃያ ገጽ ቀረኝ። ሃያ ገጽ ምን አላት? ልጆቹ ምድር ቤቱን ሰብረው ሊወጡ ነው፣ ሌባው ደረጃው ላይ ነው፣ እንዴት ብዬ ልዝጋው? ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ቆሞ ደግሞ ጉም ሲወርድ፣ አልሰማሁም አላየሁም። መጨረሻውን ገጽ ገልጬ ቀና ስል ቤቱ ጨልሟል። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ንጋቷ በተኙበት «ልጅቱ ገባች?» ሲሉ ነው ሰዓቱ ትዝ ያለኝ።

ሮጥኩ። ጉሙ፣ ወዳጄ፣ የሞጣን የነሐሴ ጉም ታውቀው እንደሆነ፣ የራስህን እግር አያሳይህም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስደርስ ዘበኛው ብቻ ካባውን ተከናንቦ ቆሟል።

«ሕፃናቱ?»

«ከሄዱ ቆዩ እኮ፣ አሁን አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል።»

«የየሺ ልጅ? ብርቄ?»

«እሷ እዚህ ቆማ ነበር፣ ስትጠብቅ። ኋላ አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ በቅሎ የሚስብ ሰውዬ ስሟን ጠርቶ ሲያነጋግራት አየሁ። የምታውቀው መስሎኝ። ዞር ብዬ ሳይ የለችም፣ እሱም የለም።»

ጥቁር ካፖርት የለበሰ ባለ በቅሎ እኛ ሰፈር አንድም የለም። በጉልበቴ ተንበረከክሁ ልልህ ብችል ደስ ባለኝ፣ ግን አልተንበረከክሁም፣ እንደ እብድ ዙሪያዬን ስሟን እየጮህኩ ዞርኩ እንጂ። ሰይድ ከጤና ጣቢያው ሲመለስ አገኘኝ፣ ነገሩን ገና ሳልጨርስለት ባትሪውን ይዞ ጎረቤት ቀሰቀሰ፣ ከመስጊዱ ሰፈር ጓደኞቹን አስነሳ፣ ሰው ወጣ። አንዱ ወደ ገበያው፣ አንዱ ወደ ግንደወይን መንገድ፣ አንዱ ወደ ወንዙ። በጉሙ ውስጥ ከየአቅጣጫው «ብርቄ! ኧረ ብርቄ!» ይሰማል፣ አንዱ ይጣራል፣ ያልፋል፣ ሌላው ይጣራል፣ ያልፋል። መልስ የለም።

ያኔ ነው መጽሐፉ ትዝ ያለኝ። የምልህን በደንብ ስማኝ፣ ፈርቼ ቆሜ ነበር፣ በቆምኩበት ያቺ አራተኛዋ ትንሽ ልጅ ዓይኔ ላይ መጣች፣ አጥሩ ጥግ ኩርምት ብላ፣ የሚጠራትን እየሰማች ዝም ያለችው። ብርቄም ትሰማናለች! ብርቄ ጠፍታ አይደለም፣ እየቆጠረች ነው። አንዱ ሰው አንዴ ይጠራና ያልፋል፣ ሌላው በሌላ ድምፅ አንዴ ይጠራና ያልፋል፣ አንድ ድምፅ አንድ ቦታ ቆሞ ሦስት ጊዜ አልጠራትም። ከተማው ሁሉ ለእሷ ሌባ ነው።

«ሰይድ!» አልኩት፣ «እንዳያልፉ ንገራቸው! አንድ ቦታ ቆመው ሦስት ጊዜ ይጥሩ!»

«ምን?»

«ሦስት ጊዜ! እትዬ ንጋቷ እንዳሏት!»

ገባው፣ እየሮጠ ሄደ። እኔ ደግሞ ወደ ታች፣ የመኪናው መንገድ ወደሚያልፍበት ወረድኩ፣ ቆምኩ፣ «ብርቄ» አልኩ፣ አንድ። «ብርቄ» አልኩ፣ ሁለት። «ብርቄ»፣ ሦስት። ምንም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ፣ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። እኔን እንዴት ብላ ትመነኝ? ሌባው እኮ እኔ ነበርኩ። ሃያ ማታ ሙሉ ያ ሰውዬ ሲናገር የነበረው በእኔ አፍ ነው፣ እናት መስሎ ሲጣራ የነበረው በእኔ ጉሮሮ ነው፣ ደሞ ሲያጨበጭቡልኝ ኮርቼ ነበር። እኔ ሦስት ጊዜ አይደለም ሰላሳ ጊዜ ብጠራት እሷ ይበልጥ ወደ ውስጥ ነው የምትገባው።

አፌን ዘጋሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ከላይ፣ ከተራራው በኩል፣ ነጎድጓድ እየተንከባለለ ነበር።

ያኔ የእግር ኮቴ ሰማሁ። እርጥብ ጭቃ ላይ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ የሚል፣ የማይቸኩል። ከፊቴ ነው። ከሚፈልጉት ሴቶች አንዷ ናት ብዬ «ማነሽ?» አልኩ፣ አልመለሰችም። ጉሙ ትንሽ ሳሳ ሲል ከጉሙ የነጣ ነገር አየሁ፣ ነጠላ መሰለኝ፣ ሲሄድ አይወዛወዝም፣ እንደ ተሰቀለ ልብስ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ተከተልኩ። ለምን ተከተልክ ብትለኝ አላውቅም፣ ብቻዬን መሆን አስፈርቶኝ ይሆናል።

ከዚያ ጠራች።

«ጠብታዬ!»

የሴት ድምፅ ነው፣ ጎርነን ያለ፣ መጨረሻው የተጎተተ። እኔ ጠብታ የምትባል ሰው አላውቅም። ይቺ ሴት የሌላ ሰው ልጅ ነው የምትፈልገው ብዬ አሰብኩ፣ ዛሬ ስንት ልጅ ነው የጠፋው ብዬም ፈራሁ። ኮቴው ቀጠለ፣ እኔም ከኋላ ቀጠልኩ፣ መንገዱ አፋፍ ላይ ደረስን።

«ጠብታዬ!» አለች ደግማ።

በዚህኛው ድምፁን አወቅሁት። የየሺ ነው። አትሳቅብኝ፣ በየቀኑ «ማመልከቻ ጻፊው፣ ቁርስህ ቀዘቀዘ» የሚለኝን ድምፅ እንዴት እስታለሁ? የሺ ግን ቢቸና ናት። መሐል ላይ ሁለት የበቅሎ ቀንና የሞሉ ወንዞች አሉ። «እትዬ የሺ?» አልኩ። ነጩ ነገር ቆመ። አልዞረም።

«ጠብታዬ።» ሦስተኛዋ ለስላሳ ነበረች፣ አልጋ ላይ ሆነው ለሚያንቀላፋ ልጅ እንደሚሉት።

«አቤት እማዬ!»

ከእግሬ ሥር ነው የመጣው። ከመሬት ውስጥ! በመንገዱ ሥር ለውኃ ማለፊያ ከተቀበሩት የሲሚንቶ ቱቦዎች ከአንዱ። እየተንሸራተትኩ ወረድኩ፣ በሆዴ ተኝቼ እጄን ሰደድኩ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ እጅ ያዘኝ። ሰይድም ባትሪውን እያበራ ከኋላዬ ደረሰ፣ እሱ ልብሷን እኔ እጇን ይዘን ጎተትናት። ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ብቻ ነበር ያራሰው። ወደ መንገዱ አውጥተናት፣ ሰይድ ጃኬቱን አልብሷት፣ አንድ ሲጋራ ተለኩሶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ፣ ከላይ የሆነ ነገር እንደ ገበያ ሰው ጮኸ፣ ደራሽ ጎርፍ ነው፣ ግንድና ድንጋይ ይዞ መጣ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ሞልቶ በላያቸው ዘለለ። ሦስታችንም ቆመን አየነው። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደባልቄ ነበር የማነበንበው፣ ሰይድም በራሱ ሃይማኖት አላህን ያመሰግን ነበር፣ ሁለቱ ምስጋና አንድ ላይ ሲንተባተብ ነው የምሰማው።

«እማዬ የት ሄደች?» አለች ብርቄ።

መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም።

ስንመለስ ነገሩን ነገረችን። ባለ ካፖርቱ ሰውዬ ስሟን ጠርቶ፣ የተቆላ ሽምብራ ሰጥቶ፣ «ነይ እናትሽ ጋ ልውሰድሽ» አላት፣ እሷም ሽምብራውን ጣለችና ሮጣ ቱቦ ውስጥ ገባች። ከዚያ ሌባዎቹ በየድምፁ ሲጠሯት ቆዩ፣ እሷም ቆጠረች። «የአንተንም ሰምቼ ነበር ጋሼ» አለችኝ፣ «ግን አንተ አስመሳይ ነህ።» ልቤ ተቆረጠ፣ ልቤም ሞላ፣ ሁለቱም። ሰውዬው ደግ መንገደኛ ይሁን የእውነት ሌባ እስከ ዛሬ አላወቅንም፣ ዳግመኛ ያየውም የለም። ሌባ ከነበረ ያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ልጅቱን አድኗታል። ደግ ከነበረ ደግሞ መጽሐፉ ሊገድላት ምንም አልቀረው። ሁለቱን ሳመዛዝን ኖሬ፣ በስተመጨረሻ ማመስገኑን መረጥኩ።

ማታውኑ እትዬ ንጋቷ ክፍል ውስጥ ሰይድን ወደ ጥግ ስቤ «ሴትየዋን አየሃት?» አልኩት።

«የቷን ሴት?»

«ከፊቴ የነበረችዋን። የጠራቻትን!»

ሰይድ አየኝ። ቀልደኛ ሰው ነው፣ ያን ጊዜ ግን አልቀለደም። «ስማ ባለቅኔ» አለኝ፣ «እኔ ከኋላህ ሃያ እርምጃ ላይ ነበርኩ፣ ጉሙ ሳሳ ሲል በባትሪ አይቼሃለሁ። ከፊትህ ሰው አልነበረም። የጠራሃት አንተ ነህ።»

«ያኔ እኔ አልጠራሁም!»

«ሦስት ጊዜ ጠራህ። በሴት ድምፅ። ጥሩ ዘዴ ነው ብዬ ዝም አልኩህ።»

«በምን ብዬ ጠራኋት?»

«ጠብታዬ ብለህ።»

በክፍሉ ማዶ አልጋቸው ላይ የተኙት እትዬ ንጋቷ ይቺን ቃል ሲሰሙ በንዳዳቸው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ። «ይቺን ስም ማን ነገረህ?» አሉኝ። ማንም አልነገረኝም፣ በልጄ ይድረስ፣ ልጅ ባይኖረኝም። ለካ ብርቄ በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው፣ በጥጥ ተጠቅልላ፣ ወተት በጣት እየተንጠባጠበላት ነው ያደገችው፣ ያኔ እናቷ ጠብታዬ ትላት ነበር። ክርስትና ስትነሳ እትዬ ንጋቷ «ጠብታ ይደርቃል፣ ሟርት ነው፣ ሁለተኛ እንዳልሰማ» ብለው ከለከሏት። የሺም ሰው ፊት ብላት አታውቅም። ሲተኙ ብቻ፣ በጆሮዋ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ጉሮሮዬን እንደዳሰስኩ ብነግርህ ታዝንልኛለህ።

የሺ በሳምንቱ ተመለሰች። በሩ ላይ በቅሎዋን ስታቆም ሁላችንም ወጣን፣ እሷም ብርቄን አይታ እጇን ዘርግታ አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን እንደ ገለባ የሚንኮሻኮሽ ሹክሹክታ ነው። ለቅሶው ድምፅዋን ዘግቶት ነበር። «ብርቄ» አለች፣ ብርቄ አልተንቀሳቀሰችም። «ብርቄ» አለች፣ ልጅቱ ጣቷን አጠፈች። ሦስተኛው ላይ ነው እየሮጠች ሄዳ ጉያዋ የገባችው፣ የሺም አልገባትም፣ እኛ ግን ሦስታችንም መሬት መሬት አየን።

እራት በልተን፣ ኩራዙ በርቶ፣ ከመናገሬ በፊት እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኳት። አደራሽን በላሁ አልኳት። ሁሉን ነገርኳት፣ ሃያውን ገጽ፣ ካፖርቱን፣ የጠራቻትን ሴት፣ ቱቦውን፣ ጎርፉን። ጸጉሬን ይዛ ቀና አደረገችኝ፣ እንባዋ ይወርድ ነበር፣ ግን አልተቆጣችም።

«ልጄን ሰጥተኸኛል» አለች በዚያ ገለባ ድምፅዋ፣ ጆሮዬን ካላስጠጋሁ አይሰማም። «የቀረውን እግዜር ያውቃል። አሁን ያቺን ሴት ንገረኝ። በምን ድምፅ ጠራቻት?»

«በአንቺ።»

«ማክሰኞ?»

«ማክሰኞ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል።»

ጣቶቿን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። «ድምፄ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር» አለች። «ማክሰኞ በዚያ ሰዓት ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተነስቼ ጮህኩ። አፌን ከፍቼ፣ ባለኝ ኃይል። ሰው ሁሉ አየኝ። የወጣ ግን ምንም የለም።»

ሰይድ ሳል አለ። «የጉሮሮ ጅማት ሲቆስል እንዲያ ነው» አለ፣ «ነገ መድኃኒት አመጣልሻለሁ፣ በአሥር ቀን ይመለሳል።»

«ከየት ነው የሚመለሰው?» አሉ እትዬ ንጋቷ።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ደረቴ ውስጥ እንደ ፍም የሞቀ ነገር ነበረ። ልጅቱ ቤት ናት፣ እናቷ ቤት ናት፣ ያ የጠራው ማንም ይሁን ማን፣ የእኔ አፍ ይሁን የየሺ ጩኸት ወይም ስም የሌለው ነገር፣ ውለታው አለብኝ አልኩ በልቤ። ግጥም ልጽፍለት ሞክሬ እስከ ዛሬ ሁለተኛውን ስንኝ አልዘለቅሁትም።

የእናቷ ጭን ላይ ተኝታ የነበረችው ብርቄ ዓይኗን ገለጠች። «እማዬ» አለች፣ «ሌላዋ እማዬስ አትገባም?»

«የቷ ሌላ?»

«ያቺ ከቱቦው ያወጣችኝ። በየማታው በሩ ላይ ነው የምትቆመው። ዛሬ አንቺ ስለመጣሽ መግባት ፈራች።»

ሰይድ ወደ ባትሪው እጁን ሰደደ፣ አላነሳውም። እትዬ ንጋቷ አማተቡ። እኔ፣ ያ የማላምነው ሰው፣ ወደ በሩ መዞር አልቻልኩም።

የሺ ልጅዋን ቀስ አድርጋ እኔ ጭን ላይ አስተኛቻት። ተነሳች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ለትልቅ ሰው እንደሚጣፋው፣ ለምስጋና እንደሚጣፋው። ኩራዙን ልስጥሽ አልኳት፣ ራሷን ነቀነቀች። በምን ድምፅ ልታመሰግናት ነው ብዬ አሰብኩ፣ አንድ ቃል እንኳ የማይወጣት ሰው። በሩን ከፈተች፣ ጉሙ ደፉ ላይ ደርሶ ነበር፣ እሷም ወደ ውስጡ ወጣች፣ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።